በሰሜን ሸዋ ለስኩተርና ለትንሽ ሞተር ሕጋዊና ደህና መንገድ ማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከአረርቲ እስከ ዓለም ከተማ ስኩተርና ትንሽ ሞተር የሚነዱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው።

ስኩተርና ሞፔድ የምትሉት የትኛውን ሞተር ነው?

ጉልበቱ አነስ ያለውን ሁሉ። ማርሽ የሌለው፣ እግር ከፊት ሰብስበው የሚቀመጡበት ስኩተር አንዱ ነው። 50 ሲሲ አካባቢ ያለው ሞፔድ ሌላው ነው። አሁን አሁን እየበዛ የመጣው የኤሌክትሪክ ስኩተርም እዚሁ ይገባል። በአውሮፓ ሞፔድ የሚባለው ሞተሩ ከ50 ሲሲ የማይበልጥ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ላይ የተገደበ ነው። የካርታ አፖች «ሞፔድ» ሲሉ የሚያስቡት ያንን ነው።

125 ወይም 150 ሲሲ ሞተር ካላችሁ ስለ ዳገት የተጻፈውን ቀለል አድርጋችሁ አንብቡት። ስለ ሕጉ፣ ስለ ጉሙና ስለ ቁልቁለቱ የተጻፈው ግን እናንተንም ይመለከታል።

ስኩተሬ ትንሽ ነው። ታርጋና መንጃ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ዋና መንገድ ላይ ከወጣችሁ ትራፊክ ፖሊስ የሚጠይቃችሁ ያው ነው፦ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና መንጃ ፈቃድ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። መንጃ ፈቃድን የሚመለከተው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። የሞተር ሳይክል ምድብ ራሱን የቻለ ስለሆነ «የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ አለኝ» ማለት አያዋጣም። ሄልሜት ለነጂውም ከኋላ ለተቀመጠውም ነው።

ሰው የሚሸወደው በኤሌክትሪኩ ላይ ነው። ሻጩ «ይሄ እኮ እንደ ብስክሌት ነው፣ ታርጋ አይጠየቅም» ይላል። እሱ ሸጦ ይሄዳል፣ ኬላ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት የሞዴሉን ስምና የሞተሩን ጉልበት በወረቀት ጽፋችሁ የከተማችሁን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ወረቀቱ ያልተሟላ ስኩተር የትኛውም አፕ ሕጋዊ መንገድ አያገኝለትም።

የትኛውን የካርታ አፕ ልጫን?

ለአብዛኛው ሰው ጎግል ማፕ ይበቃዋል። ከተሞቹን፣ ማደያዎቹንና ሆቴሎቹን በስም ያውቃል። ድክመቱ ከአስፋልት ስትወጡ ነው። ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባው መንገድ አንዳንዱ ጭራሽ የለም። አንዳንዱ ደግሞ አለ፣ ግን ጠጠር ይሁን ጭቃ አይነግራችሁም።

ስለዚህ ሁለተኛ አፕ ጨምሩ፤ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ። ሁለቱም የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች በሚያዘጋጁት የኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ነው። በዚያ ካርታ ላይ መንገዱ አስፋልት፣ ጠጠር ወይም አፈር መሆኑ፣ ሞተር ይፈቀድበት አይፈቀድበት ተለይቶ ሊመዘገብ ይችላል። የመዘገበ ሰው ካለ ማለት ነው። ኦስማንድ ላይ ደግሞ ለሞተርና ለሞፔድ የተለየ የጉዞ ዓይነት አለ። የመንገዱን ከፍታና ዝቅታም በግራፍ ያወጣል። ለእኛ አገር ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ያ ግራፍ ነው ባይ ነኝ። በሰሜን ሸዋ ሃያ ኪሎ ሜትር ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ሃያው ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው ወይስ ገደል?

ጎግል ማፕ ላይ የሞተር ምልክት አላገኘሁም። የመኪናውን ልምረጥ ወይስ የእግረኛውን?

የመኪናውን። የሞተሩ ምልክት በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሕንድ ውስጥ የወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አገሮች ቢስፋፋም በሁሉም አገር አይመጣም። ስልካችሁ ላይ ከሌለ አፑ አልተበላሸም።

የእግረኛውን የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ «አቋራጭ ያሳየኛል» ብለው። ችግሩ እግረኛ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ በተፈቀደ መንገድ በተቃራኒው መሄድ ይችላል። ደረጃ መውጣት፣ በግንድ ድልድይ መሻገርም ይችላል። አፑ እናንተንም እንደዚያ ነው የሚያስባችሁ። የመኪናውን ምረጡና ከአማራጮቹ ውስጥ ፈጣን መንገድንና የክፍያ መንገድን አስቀር የሚሉትን ሁለቱን አብሩ።

ሰዓቱን ግን አትመኑት። የሚነግራችሁ የመኪና ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ስኩተር ይህ ያለ ምንም ዕረፍት ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ንፋሱ ፊት ለፊት ከመጣ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

መንገድ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋስ?

ይጠፋል። ስለዚህ ካርታውን ቤት ሆናችሁ አውርዱት። ጎግል ማፕ ላይ የምትሄዱበትን አካባቢ በአራት ማዕዘን ከልሎ ማውረድ ይቻላል። የወረደው ካርታ ጊዜው ሲያልፍ ስለሚጠፋ በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል። ኦርጋኒክ ማፕስ ገና ከመነሻው ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። ጂፒኤስ ራሱ ዳታ አይፈልግም። ዳታ የሚፈልገው ካርታውን ማምጣቱ ነው።

መድረሻችሁ ስም የሌለው ሰፈር ከሆነ የምትጠይቁት ሰው ሎኬሽኑን ቀድሞ ይላክላችሁ። እዚያው ኔትወርክ ባለበት ክፈቱና አስቀምጡት። «ስደርስ እደውላለሁ» ብሎ የወጣ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያነሳ ታገኙታላችሁ።

አፑ አጭር ብሎ ያሳየኝን የጠጠር መንገድ ልመን?

በበጋ ምናልባት። በክረምት ሳትጠይቁ አትግቡ። እነዋሪ፣ ደነባና ጅሁር አካባቢ ያለው ሜዳ መረሬ አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ሲረጥብ ደግሞ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ይወጣል። የስኩተር ጎማ ትንሽ ነው፣ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ያለው ክፍተትም ጠባብ ነው። ትንሽ እንደሄዳችሁ ጭቃው ይሞላውና ጎማው መዞር ያቆማል። ከዚያ በኋላ እንጨት ፈልጎ እየፋቁ መሄድ ነው። ቆላው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ደረቅ የነበረ ወንዝ፣ እናንተ ያላችሁበት ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ብቻ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። ጎርፍ ሲወርድ ሞተር አስነስቶ ለመሻገር መሞከር የለም፤ እስኪጎድል መጠበቅ ነው። የሰሜን ሸዋ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ እንዳልሆነም አትርሱ፤ በልግም አለ።

ስትጠይቁ አጠያየቅ አለው። «ሩቅ ነው?» ካላችሁ መልሱ «አይ፣ ቅርብ ነው» ነው። ሰውየው በእግሩ እያሰበ ነው። «መንገዱ ደህና ነው?» ማለትም ብዙ አይረዳም፤ ለአይሱዙ ደህና የሆነ ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ይልቅ «ዛሬ ሞተር ገብቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁትም ባጃጅ ነጂን፣ ጎሚስታን ወይም ከዚያ አቅጣጫ ጎማው ጭቃ ይዞ የመጣ ሞተረኛን ይሁን። የጭቃው ብዛት ራሱ ግማሽ መልስ ነው።

ከደብረ ብርሃን በጣርማበር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት በስኩተር መውረድ ይቻላል?

ይቻላል። ግን በዞኑ ውስጥ ካሉት መንገዶች ሁሉ በደንብ አስባችሁ ልትገቡበት የሚገባው ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,280 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። ቁልቁለቱም እኩል አልተከፋፈለም። እስከ ጣርማበር ድረስ ጉዶ በረትን አልፋችሁ በደጋው ላይ ትሄዳላችሁ። ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ይመጣል። ከዋሻው ወዲያ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይሄዳል።

መጀመሪያ ጉሙ። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ በቅጡ አይታይም። በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይብሳል፣ በክረምት ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሲገባ የሄልሜቱ መስታወት በአንዴ ይደበዝዛል፣ ዓይን ከጨለማው እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ የጂፒኤሱም ድምፅ ዝም ይላል። ከመግባታችሁ በፊት መብራት አብሩ፣ መስታወቱን ገርበብ አድርጉ፣ ጥቁር መነጽር አውልቁ። ዋሻ ውስጥ መቅደም የለም። ከኋላ ተሳቢ መኪና ክላክስ እያደረገ ከገፋችሁም በቀኛችሁ ረግታችሁ ሂዱ፤ ጫፉ ላይ ታሳልፉታላችሁ።

ቀጥሎ ፍሬኑ። ማርሽ ያለው ሞተር በትንሽ ማርሽ ራሱን ይዞ ይወርዳል። ስኩተር ግን አውቶማቲክ ስለሆነ ሞተሩ የሚይዘው ጥቂት ነው፣ ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ይግላል፣ ሽታ ያመጣል፣ ከዚያ ትጨብጡታላችሁ ግን አይዝም። ጫን አድርጎ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ እንደገና ጫን ማድረግ ነው ዘዴው። የፊትና የኋላውን አብራችሁ ተጠቀሙ። ሽታው ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ ቡናም ብትጠጡ ጥሩ ነው፣ እስኪበርድ ጊዜ ይወስዳል። ውሃ ግን አታፍስሱበት።

ሌላው ድንጋይ ነው፤ ከገደሉ የሚንከባለለው ብቻ አይደለም። መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደግፋል፣ ከኋላውም ማስጠንቀቂያ ብሎ ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ለሲኖትራክ ምንም አይደለም። ከታጠፊያ ወጥቶ ድንገት ለሚደርስበት ስኩተር ግን መውደቂያ ነው። ቅጠል ካያችሁ ሌላውን ምልክት ሳትጠብቁ ፍጥነት ቀንሱ።

የደብረ ሲና ዳገት የመሬት መንሸራተት የሚያውቀው አካባቢም ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከታች የመጣ ሾፌር ጠይቁ።

ወደ አንኮበር፣ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን በኩልስ?

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ብርዱና ንፋሱ ነው የሚያስቸግረው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ መውረድ ግን ቀጥ ያለ ቁልቁለት ስለሆነ ለትንሽ ስኩተር አልመክረውም። መውረዱስ ይወረድ ይሆናል፤ መመለሱ ነው ጉዱ።

ከሙከጡሪ በለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ለሁለቱም ስለ ጣርማበር የተባለው የፍሬን ምክር እንዳለ ይሠራል። ልዩነቱ እዚህ ጉሙ ሳይሆን ሙቀቱ ነው የሚገድላችሁ። ሸለቆው ግርጌ የጋለ ፍሬን ቶሎ አይበርድም፣ ወዲያውም ዳገቱ ይጀምራል። ውሃ ያዙ፣ ነዳጅ አፋፉ ላይ ሙሉ።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለስኩተር የሚሻለው የትኛው መንገድ ነው?

የደሴ መስመር ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ከባድ መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው አንድ ላይ ይገፋፋሉ። ለአጭር ጉዞ የውስጥ ለውስጡን መንገድ ምረጡ። ኮብልስቶን ግን ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ በጠዋት ውርጭም እንዲሁ። መታጠፊያ ላይ አታዘንብሉ፣ ፍሬኑንም ከመታጠፋችሁ በፊት ጨርሱ። የቆመ ባጃጅ አጠገብ ስታልፉ ራቅ በሉ፤ ሳያይ ነው የሚዞረው። ፈረስ ደግሞ ክላክስ አይወድም።

እየነዳሁ ስልኬን ማየት እችላለሁ?

በእጅ ይዞ መንዳት ክልክል ነው፤ ለሞተር ደግሞ ከክልክልም በላይ ሞኝነት ነው። መሪው ላይ የሚታሰር ማቀፊያ ገበያ ላይ አለ። ግን የሞተር ንዝረት የአንዳንድ ስልኮችን ካሜራ እንደሚያበላሽ አፕል ራሱ አስጠንቅቋል። ውድ ስልክ ካላችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ድምፁን ከፍ አድርጉ።

ከሁሉም የሚቀለው መንገዱን ማጥናት ነው። በደሴ መስመር ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ድረስ መታጠፍ የለባችሁም። ወደ መሐል ሜዳና ጓሳ የምትሄዱ ከሆነ ጣርማበር ላይ ዋሻው ሳይደርስ ትገነጠላላችሁ፤ በቃ። መታጠፊያዎቹን በወረቀት ጽፎ ነዳጅ ማመላከቻው አጠገብ በፕላስተር መለጠፍ የድሮ ሞተረኞች ዘዴ ነው። ባትሪም አይጨርስም።

ስኩተሬ ከተማ ውስጥ ደህና ነው፣ ዳገት ላይ ግን ይሞታል። መንገድ ስመርጥ ምን ላስብ?

ቤንዚን ከሆነ አየሩ ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ካርቡረተር ያለው ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ከሩብ በላይ ጠፍቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ እንደምንም ሁለት ሰው የሚያወጣ 50 ሲሲ ጣርማበር ላይ አንድ ሰው ይዞ ያለቅሳል። ካርቡረተሩን ለደጋ ማስተካከል ይረዳል፤ የጠፋውን ጉልበት ሁሉ ግን አይመልስም።

ኤሌክትሪክ አየር አያጥረውም። እሱ የሚጠማው ሌላ ነው። እስቲ ሒሳቡን እዩት፦ ሰውና ስኩተር አንድ ላይ 150 ኪሎ ቢሆኑ፣ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ድረስ 1,500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ይፈልጋል። 60 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው 1.2 ነው። ገና ወደፊት አንድ ሜትር ሳትሄዱ ግማሹ በዳገቱ ተበልቷል። ብክነቱን ስትጨምሩበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ሻጩ «በአንድ ቻርጅ 80 ኪሎ ሜትር» ያለው ለሜዳ ነው። የደጋው ብርድም ባትሪውን ያሳንሰዋል። በኤሌክትሪክ ስኩተር ከተማና የከተማ ዙሪያ እንጂ ይህን ዳገት በአንድ ቻርጅ አትመኙት። መሐል ላይ የምትሞሉበት የምታውቁት ቤት ካለ ያኔ ሌላ ነገር ነው፤ መብራት ካልጠፋ።

ከሰሜን ሸዋ በስኩተር አዲስ አበባ መግባት እችላለሁ?

ደብረ ብርሃን ላይ ሕጋዊ የሆነ ሞተር አዲስ አበባ ላይ እንዲሁ ሕጋዊ ነው ብላችሁ አትነሱ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ከልክላ፣ በኋላ ተመዝግበው ፈቃድ ያገኙ እንዲሠሩ ፈቅዳለች። በከተማዋ የምታዩአቸው የዴሊቨሪ ሞተሮች በዚህ መንገድ የገቡ ናቸው።

አፑ ይህን አያውቅም። ከደብረ ብርሃን በሸኖ፣ በአለልቱና በሰንዳፋ አድርጎ መገናኛ ድረስ ሰማያዊ መስመር ይዘረጋላችኋል። ፈቃድ ከሌላችሁ ሞተሩን ከከተማዋ ውጭ ጥበቃ ያለበት ቦታ አቁማችሁ በታክሲ ግቡ።

ከምንጃር ወደ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ስሄድ አፑ በፈጣኑ መንገድ ያስገባኛል። መግባት ይፈቀዳል?

አይፈቀድም። የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ ፈጣን መንገድ ለእግረኛ፣ ለብስክሌት፣ ለባጃጅና ለሞተር አይደለም። ከአረርቲ ወደ ሞጆ ስትወርዱ አፑን የክፍያ መንገድ አስቀር በሉት፤ በአሮጌው መንገድ ይመራችኋል። አሮጌው መንገድ በከባድ መኪና የተጨናነቀ ስለሆነ ማልዳችሁ ውጡ።

አንዳንድ ቀን ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ይከለከላል። ይህን አስቀድሜ እንዴት ልወቅ?

አስቸጋሪው ጥያቄ ይህ ነው። በጸጥታ ምክንያት የከተማ አስተዳደር ወይም የጸጥታ አካል በሞተርና በባጃጅ ላይ የሰዓት ገደብ ወይም ሙሉ ክልከላ ሊያወጣ ይችላል። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ሰዓቱ ይለያያል። በካርታ ላይ መንገዱ ክፍት ሆኖ እያለ ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሮ ይጠብቃችኋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ሰው ጋ ደውሉ፦ በመነሻችሁ፣ በመሐል ከተማና በመድረሻችሁ ላለ ሰው። የምታውቁት ከሌለ መናኸሪያ ሂዱ። ከዚያ መስመር ማለዳ የገባ ሚኒባስ ሾፌር የዛሬውን ወሬ ይዟል። ፌስቡክ ላይ ያያችሁት ማስታወቂያ የመቼ እንደሆነ ቀኑን አረጋግጡ፤ የአምናው ክልከላ ዘንድሮም ይዞራል። መንገድ ተዘግቷል ከተባለ በገጠር አቋራጭ ዞሮ ለማለፍ አትሞክሩ። ከጭቃው የከፋ ነገር ሊገጥም ይችላል።

ኬላ ስትደርሱ ቀስ በሉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ሄልሜት አውልቁ፣ እጃችሁ ይታይ። ወረቀቱ ከላይ ኪስ ይሁን። ሻንጣ ሥር መበርበር ሰውን ያጠራጥራል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከከተማ ውጭ አትገኙ፤ ገደብ ባይኖርም እንኳ። መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብትና መብራቱን የማይቀንስ ተሳቢ ለሁለት ጎማ አይመቹም።

አፑ ያሳየኝን ተከትዬ ሄጄ ተቀጣሁ። ይግባኝ ማለት እችላለሁ?

«ካርታው ነው ያስገባኝ» የሚለው አይሰማም። የሚገዛው መንገዱ ላይ የቆመው ምልክትና የትራፊክ ፖሊሱ ትእዛዝ ነው። የመከራከሪያ ነጥብ የሚኖራችሁ ምልክቱ ወድቆ፣ ተቀብቶ ወይም በዛፍ ተሸፍኖ ከሆነ ነው። እዚያው ቆማችሁ ከነጂው አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ ቦታውና ሰዓቱ እንዲታወቅ ሰፋ አድርጋችሁ። የቅጣት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ጥፋት አንብቡ፣ ካልገባችሁ ጠይቁ። መንገድ ላይ ከመጨቃጨቅ በማግስቱ ፎቶውን ይዞ ጽሕፈት ቤት መሄድ ይሻላል።

ካርታውንም አሳርሙት። ጎግል ማፕ ላይ መንገዱን ተጭናችሁ ማስተካከያ መላክ ይቻላል፤ ተቀባይነት ማግኘቱ ግን የእነሱ ፈንታ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አካውንት ከፍታችሁ «ሞተር አይገባም»፣ «አንድ አቅጣጫ ብቻ»፣ «ጠጠር» የሚሉትን ራሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ ላይ የሚታየው ግን የካርታው አዲስ ዕትም ሲወጣና ስልካችሁ ላይ እንደገና ስታወርዱት ነው። በአይናችሁ ያላያችሁትን ግን አትሙሉ። ዛሬ ለአንድ ቀን የተዘጋውንም «ክልክል» ብላችሁ አትመዝግቡ፤ ነገ ሲከፈት የሚያርመው ላይገኝ ይችላል።